የቮልስ ቀይ መብራት፤ ከጎሬ እስከ አልዌሮ

ቮልስን የማያውቅ የአገር ሰው ስለሌለ ትውውቁ አጭር ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ ራዲያተር የለውም። ከ1938 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በእኛ ታሪክ ስሙ የሚነሳው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ይዞ በመውጣቱ ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። መኪናውን ስለሚያንቀሳቅሰው ሞተር ግን የሚያወራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው።

በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለቮልሶች ሰኔ 15ን እንደ ልደት ያከብሩታል። ፈርዲናንድ ፖርሽ መኪናውን ሊነድፍ ውል የፈረመው በ1926 ዓ.ም. በዚያ ቀን ነበር። በዓሉ የሚከበረው ተሰባስቦ አብሮ በመንዳት ነው። ሰኔ ለእኛ ክረምት ስለሆነ ረጅሙን ጉዞ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ማቆየት ይሻላል። መድረሻውን እኔ እንድመርጥ ከተጠየቅሁ አልዌሮ ግድብ እላለሁ። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከተማ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በስተደቡብ ወደ አቦቦ ይወረዳል። ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረ ነው፤ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ለመስኖ ታስቦ ብዙ ዓመት ያለ ሥራ ተኝቶ ነበር። ዓሣ አለው፣ ጥላ አለው። ይህን መንገድ የመረጥኩት ግን ለዓሣው ብዬ አይደለም። ከጎሬ ደጋ ተነስቶ 500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ወዳለው የጋምቤላ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቮልስን አብጠርጥሮ ይመረምራል፤ ባለቤቱንም እንዲሁ።

«ቮልስ ውሃ ስለሌለው አይሞቅም» የሚለውን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ይሞቃል እንጂ! ውሃ የለውም ማለት የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ብቻ ነው ማለት ነው። አየሩን የሚገፋው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ፋኑም በዚያው ቅጽበት ይቆማል። በሌላ መኪና ያ መብራት «ባትሪህ እየተሞላ አይደለም» ይላል፤ ጋራዥ እስኪደርሱ መንዳት ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን «አሁኑኑ አጥፋ» ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ከኢሉባቦሩ ቡሬ ቁልቁል በቡድን ስንወርድ አንድ ወጣት መብራቱ በርቶ መንገዱን ቀጥሏል። ከፊቱ የነበሩት አንጋፋ መካኒክ መንገድ ዳር ቆመው በእጃቸው አስቆሙት።

«ጋሼ፣ ቻርጅ እኮ ነው፤ ባትሪው አዲስ ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አጥፋው። ከዚያ እናወራለን» አሉት።

የኋላው ኮፈን ሲከፈት ቺንጋው ተተርትሮ ከሥር ወድቋል። ጋሼ 21 ቁጥር ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ አወጡ። ካቻቢቴውን በዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ባለችው ቁርጥ አስገብተው ፑሊው እንዳይዞር ያዙት፣ ዳዶውን ፈቱ፣ ፑሊውን ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። ከመካከል አንድ ሮንዴላ ሲነሳ ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠብቃል። የተነሳችው ሮንዴላ አትጣልም፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ትቀመጣለች፤ ቺንጋ ሲቀየር ተመልሳ ትገባለችና። አዲሱ ከገባ በኋላ መሃሉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ሲገባ «በቃ» አሉ። ይህን ሁሉ የሠራ መሐንዲስ ባለመኪናው መንገድ ዳር ብቻውን እንደሚቆም አስቦለታል፤ ለዚህ ነው ይህ ሞተር የሚገባውን ክብር አላገኘም የምለው።

ሌላው በደል የሚፈጸመው በላሜራዎቹ ላይ ነው። ሞተሩን የከበቡት ላሜራዎችና ዙሪያቸውን የሚዞረው ጎሚኒ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ እንዳይሳብ ያግዳሉ። ሞተር ወርዶ ሲገጠም «ትርፍ ነው» ተብለው ጥግ ላይ ሲጣሉ አይቻለሁ። ባለቤቱም መኪናው ሲሞቅበት ኮፈኑን በእንጨት ደግፎ ይነዳል፤ ትኩሱ አየር በሌላ በር እንዲገባ ጋበዘው ማለት ነው። እባካችሁ፣ ላሜራውን መልሱ፣ እንጨቱን ጣሉ።

ሙቀቱ በይበልጥ የሚጎዳው ሦስተኛውን ሲሊንደር ነው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በወጡት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከእሱ ፊት ቆሞ አየሩን ስለሚከልለው፣ መጀመሪያ የሚቃጠለው የጭስ ቫልቭ ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ፋብሪካው በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከቦታው አዛውሮ ነገሩን አሻሻለው። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ብዙ መካኒኮች ካርቡራቶሩን ነዳጁን ቀነስ አድርገው ያስተካክሉታል። ያው መኪና ጋምቤላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፣ ሳስቶ የሚቃጠል ነዳጅ ደግሞ ሞተር ያግላል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ይለኩ፣ ዘይቱ ይቀየር። የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ እውነተኛ ፊልትሮ የለውም፤ ታዲያ በዘይት መቆጠብ ምን የሚሉት ነው?

የቡድን ጉዞ ደንቡ ቀላል ነው። ደካማው መኪና ከፊት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሹፌር በስፔኪዮው የሚያየውን የኋላውን ይጠብቃል፤ ካላየው ይቆማል።

ትልቁ ፈተና መመለሻው ነው። ሜዳው ላይ ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ጎሬ ዳገቱ ይጀምራል። ብዙ ሰው ለሞተሩ ያዘነ መስሎት በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ነው፤ ዙሩ ሲወርድ ሞተሩ አየር በሚፈልግበት ሰዓት አየር ያጣል። ወደ ሦስተኛ፣ ካስፈለገም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይውረድና ሞተሩ ይጩኽ። የቮልስ ጩኸት የፋኑ ድምፅ ነው፤ ጮኸ ማለት እየተነፈሰ ነው። አቀበቱ ላይ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ ጥሩንባ ቢነፋ ዳር ይዞ ማሳለፍ ነው እንጂ ማርሽ መጨመር አያስፈልግም።