ሰማያዊ ድንጋይ ሁሉ ሰንፔር አይደለም

በወንዝ ዳር ሰማያዊ ድንጋይ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? «ሰንፔር ነው!» ትሉ ይሆናል። ወይም አንድ ነጋዴ «ሰንፔር ነው፣ ግዙኝ» ይላችኋል። አትቸኩሉ። ካያናይት የሚባል ሌላ ሰማያዊ ድንጋይ አለ።

እንዴት ተፈጠረ?

ሸክላ ሠሪዎች ምጣድ ሲሠሩ ጭቃውን በእሳት ይተኩሳሉ። ለስላሳው ጭቃ ይጠነክራል። ምድርም ይህን የመሰለ ሥራ ትሠራለች። በጥንት ዘመን በውሃ ሥር የተከማቸ የሸክላ አፈር ሌላ አፈርና አለት እየተጫነው ወደ ታች ወረደ። ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ጠለቀ። እዚያ ሙቀቱ 500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። ክብደቱም እጅግ ከባድ ነው። አፈሩ ሳይቀልጥ ተለወጠ፤ በውስጡም ካያናይት ተፈጠረ። በኋላ ምድር ከፍ ስትል ዝናብና ጎርፍ የላዩን አጥቦ አለቱን ገለጠው። በአገራችን በአዶላ አካባቢ ባሉ የጥንት አለቶች ውስጥ ካያናይት ይገኛል።

በምን ይታወቃል?

ካያናይት እንደ ቢላዋ ስለት ረዘም ጠፍጠፍ ያለ ነው። በርዝመቱ በብረት ቢላዋ ጫፍ ብትጭሩት ይጫራል። በወርዱ ብትጭሩት ግን እምቢ ይላል። እንጨት በርዝመቱ በቀላሉ ይፈለጥ የለ? ይህም በርዝመቱ ይሰነጠቃል። ሰንፔርን ግን ቢላዋ በየትም በኩል አይጭረውም። ቢላዋ ስላልጫረው ብቻ ግን «ሰንፔር ነው» አትበሉ፤ ሌሎች ጠንካራ ድንጋዮችም አሉና።

ጥቅሙስ ምንድን ነው?

ሸክላ በእሳት ሲተኮስ ይኮማተራል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ካያናይት ግን ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሲግል ያብጣል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዱቄቱን ከሸክላ አፈር ጋር ቀላቅለው ጡብ ይተኩሳሉ። አንዱ ሲኮማተር ሌላው ያብጣል፤ ጡቡም ልኩን ይጠብቃል። ብረትና ብርጭቆ የሚቀልጥባቸው ምድጃዎች ውስጣቸው እንዲህ ባለ ጡብ ይገነባል። የመኪና ካንዴላ ነጩ ክፍልም ከካያናይት ሊሠራ ይችላል።

ለፋብሪካ የሚሸጠው በቶን ነው እንጂ በፍሬ አይደለም። ጥርት ያለው ብቻ ተሞርዶ ለቀለበት ይሆናል።

እንግዲህ ሰማያዊ ድንጋይ ስታገኙ ማሳችሁን ከመቆፈራችሁ፣ ገንዘባችሁንም ከማውጣታችሁ በፊት መርምሩ። የት እንዳገኛችሁት በደብተራችሁ ጻፉ። ድንጋዩንም ለማዕድን ባለሙያ አሳዩ።