የአመጋገብ ትምህርት ከመሰጠቱ በፊት እናቶች ይደመጡ

በገጠር ቀበሌዎች ስለ ሕፃናት አመጋገብ ትምህርት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው አሠራር አንድ ዓይነት ነው። ባለሙያ ከወረዳ ይመጣል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝቡን ይሰበስባል፤ ስለ እንቁላል፣ ስለ ወተትና ስለ አትክልት ጥቅም ሰፊ ገለጻ ይደረጋል፤ እናቶችም በጥሞና ሰምተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የሕፃኑ ምግብ ግን ያው ቀጭን አጥሚት እንደሆነ ይቀጥላል።

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት መካከል በ1992 ዓ.ም. 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ቢሆንም፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው 100 ሕፃናት ውስጥ በዓይነትም ሆነ በቀን በሚመገቡት ጊዜ ብዛት ዝቅተኛውን መመዘኛ ያሟሉት 7 ብቻ ነበሩ። ልጅ የሚቀነጭረው በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ ያለፈውን ኋላ መመለስም እጅግ ያስቸግራል።

ታዲያ እናቶች የተነገራቸውን በሥራ የማያውሉት ስለማያውቁ ነውን? በአማራ ክልል ከእናቶች ጋር የተደረጉ ውይይቶች ያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ እንዲጾሙ አታስገድድም፤ ይህንንም ብዙ እናቶች ያውቃሉ። ሆኖም በጾም ወራት ለሕፃኑ ወተት ወይም እንቁላል ማዘጋጀትን ይተዋሉ፤ ምክንያቱም የጾም ወጥ የሚሠራበት ድስት በፍስክ ይነካል ብለው ስለሚሠጉ ነው። እንግዲህ ለእነዚህ እናቶች ስለ እንቁላል ጥቅም አሥር ጊዜ ቢነገራቸው የድስቱ ችግር ባለበት ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ምክንያት ለማወቅ የሚረዳው አሠራር የቡድን ተኮር ውይይት ይባላል። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ፣ ኑሯቸው የተቀራረበ ሰዎች ተቀምጠው በአንድ ጉዳይ ላይ ይነጋገራሉ፤ አንድ አወያይ ይጠይቃል፣ አንድ ጸሐፊ ይመዘግባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩርት ሌቪን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በአሜሪካ የቤት እመቤቶች ልብና ኩላሊት የመሰለውን የከብት ሥጋ እንዲያበስሉ ለማድረግ ሁለት መንገድ ሞክሮ ነበር። ንግግር ብቻ ከሰሙት 100 ሴቶች 3 ያህሉ፣ የባልን እምቢታና የሽታውን ነገር ሳይቀር አንሥተው ከተወያዩት ግን 32ቱ አብስለውታል።

በዚህ ረገድ ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው ሥራ ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም ሰዎቹን መርጦ ከጠሩ በኋላ ከስፍራው ዘወር ማለት ነው። ሊቀ መንበሩ ከተቀመጠ ውይይቱ ስብሰባ ይሆናል፤ እናቶችም የሚናገሩት እርሱን ደስ ያሰኛል ብለው የገመቱትን ነው። ምራት በአማቷ ፊት፣ ሚስትም በባሏ ፊት እንቁላሉ ለምን ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ እንደሚወጣ አትዘረዝርም። ስለዚህ ሕፃን ያላቸው እናቶች ለብቻ፣ አያቶች ለብቻ፣ አባቶችም ለብቻ ቢወያዩ ይበጃል። ስፍራውም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይልቅ ቡና የሚፈላበት ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ የገበያ ቀን ግን አይሁን።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ስም ሲመዘገብ ሕዝቡ ለእርዳታ ነው ብሎ ከገመተ ቤት ያለው ሁሉ እንደሌለ ይነገራል። ከመጀመሪያው ግልጽ መደረግ አለበት።

አወያይዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች፤ ለማስተማር ግን አትቸኩል። «ለልጅሽ እንቁላል ትሰጫለሽ?» ተብላ የተጠየቀች ሁሉ «አዎን» ትላለች። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ልጁ ምን በላ? ማን አበላው?» ቢባል ግን እውነቱ ይወጣል። በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ያው ነገር እየተደጋገመ አዲስ ነገር ካልመጣ ይበቃል። ይህ ቆጠራ ስላልሆነ የስምንት እናቶች ቃል የቀበሌው ሁሉ ነው ተብሎ ለወረዳ ሪፖርት ሊደረግ አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሚዘጋጀው ትምህርት ከተሰማው ቃል ይነሣል። ችግሩ ድስቱ ከሆነ ለሕፃኑ የተለየ ትንሽ ድስትና ማንኪያ እንዲኖረው ይመከራል፤ የነፍስ አባቶችም ይህንኑ እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። ምክሩ ለቀበሌው ሁሉ ከመነገሩ በፊት ግን ለሌላ የእናቶች ቡድን ቀርቦ ይታያል። «የድስቱ መግዣ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ በቤት ካለው ዕቃ አንዱን ለሕፃኑ መለየት ይቻል እንደሆነ እዚያው ይጠየቃል።

ትምህርቱ ለዐቢይ ጾም እንዲደርስ ውይይቱ አውድማው እንዳበቃ በጥር መግቢያ ቢጀመር መልካም ነው። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ ቀኑን ከእናቶቹ ጋር አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል።