«ለምን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት፦ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የአማካሪ ሥራ

«ለምን እንደዚያ አደረግህ?» የምትለዋን ጥያቄ የማይጠይቅ የትምህርት ቤት አማካሪ የለም። ተማሪ ሲደባደብ፣ ከክፍል ሲጠፋ ወይም ድንገት ዝምታ ሲያበዛ መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ናት። ቀላል ትመስላለች። ግን እሷን ለመመለስ ስንት ነገር እንደሚያስፈልግ እስቲ አስቡት። ልጁ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አለበት። በዚያ ሰዓት የተሰማውን ለይቶ ስም መስጠት አለበት፤ ንዴት ነበር? እፍረት? ወይስ ቅናት? ከዚያ ደግሞ ያኛው ልጅ ምን አስቦ እንደነበር መገመት ይኖርበታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በቋንቋ ነው።

ታዲያ ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ሙሉ ቋንቋ ሳያገኝ ያደገ ቢሆንስ?

መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የሚሠራ አማካሪ ሥራው ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ልዩነቱ በአፍ ፋንታ በእጅ ማውራት ብቻ ይመስለዋል። እሱማ የሥራው መግቢያ በር ነው። ከበሩ በኋላ ያለውን እንይ።

ችግሩ ጆሮው ላይ ብቻ አይደለም

በደንብ በተቆጠረባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ መስማት ከተሳናቸው ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በማጅራት ገትር፣ በኩፍኝ፣ ሳይታከም በቆየ የጆሮ ኢንፌክሽን ወይም ጆሮን በሚጎዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት ከተወለዱ በኋላ መስማት ያቆሙም ብዙ ናቸው። ስለዚህ አብዛኞቹ የሚያድጉት የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው በሌለበት ቤት ነው።

የሚሰማ ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ነው። እናቱ ከጎረቤት ስታወራ፣ አባቱ ስልክ ሲነጋገር፣ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲሰበሰብ ጆሮው ይለቅማል። «እንዲያ ስትለኝ ከፋኝ»፣ «የረሳሁት መስሎት ነው» የሚሉ ንግግሮችን ሺህ ጊዜ ይሰማል። የሰው ልብ ውስጥ ምን እንዳለ የሚማረው ለእሱ ካልተነገረው ወሬ ጭምር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ እዚያው ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ከንፈር ነው። ሰው ሲስቅ ያያል፤ በምን እንደሳቁ ግን አያውቅም። ቢጠይቅም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ተወው፣ በኋላ» የሚል የእጅ ምልክት ነው።

ልጁና ቤተሰቡ መግባቢያ መፍጠራቸው አይቀርም። ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ በጉን አስገባ የሚሉ የቤት ምልክቶች ይኖራሉ። ለዕለት ኑሮ ይበቃሉ። ስለ ትናንትና ስለ ነገ፣ ስለ ምክንያትና ስለ ስሜት ለመነጋገር ግን አይበቁም። ተመራማሪዎች ይህንን የቋንቋ እጦት ይሉታል። አእምሮ የመጀመሪያ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አካባቢ ስለሆነ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ደርሶ የምልክት ቋንቋን ሲያገኝ ጥሩው ጊዜ አልፎበት ሊሆን ይችላል።

ልብ በሉ፦ መስማት አለመቻል በራሱ ይህን አያመጣም። የምልክት ቋንቋ ከሚያወሩ ወላጆች የተወለዱ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ቋንቋቸውን የሚለምዱት የሚሰሙ ልጆች በሚለምዱበት ዕድሜ ነው። በእጃቸው «ይንተባተባሉ»፤ ከዚያ ቃል ይመጣል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገር። የጎደለው ጆሮ ሳይሆን ልጁ ሊያገኘው የሚችል ቋንቋ ነው።

ከኒካራጓ የመጣው ትምህርት

ይህ ከአማካሪ ሥራ ጋር ምን አገናኘው? መልሱን በደንብ ያሳየው በመካከለኛው አሜሪካ በኒካራጓ የተደረገ ጥናት ነው። እዚያ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በየቤታቸው ተበታትነው ነበር የሚኖሩት። በማናጓ ከተማ ትምህርት ቤት ሲከፈትላቸው መምህራኑ ስፓኒሽ በከንፈር ንባብ ሊያስተምሯቸው ሞከሩ። ልጆቹ ግን በግቢውና በአውቶቡስ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክት አዋጥተው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ። ከእነሱ በኋላ የገቡት ታናናሾች ደግሞ ቋንቋውን አበለጸጉት።

ጄኒ ፓየርስ እና አን ሴንጋስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ትውልዶች አወዳደሩ። የተጠቀሙበት ፈተና በእኛ አገር ዕቃ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ ዳቦውን መሶብ ውስጥ አስቀምጦ ወጣ። እህቱ ዳቦውን ወደ ቁም ሳጥን አዛወረችው። ልጁ ሲመለስ መጀመሪያ የት ይፈልጋል? የአራትና የአምስት ዓመት የሚሰማ ልጅ በአብዛኛው «መሶብ ውስጥ» ይላል፤ ልጁ እዚያ ያለ እንደሚመስለው ይገባዋልና። በኒካራጓ ግን ታላላቆቹ፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነውም ጭምር፣ ፈተናው ከበዳቸው፤ ታናናሾቹ በተሻለ አለፉት። የታላላቆቹ ቋንቋ «ያውቃል»፣ «ይመስለዋል» የሚሉ ምልክቶች በብዛት አልነበሩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ታላላቆቹ ከታናናሾቹ ጋር እየተቀላቀሉ ምልክቶቹን ለመዱ፤ በፈተናውም ተሻሻሉ።

ለአማካሪ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም። የሌላውን ሐሳብ መረዳት ያቃተው ልጅ ክፉ ወይም ደንታ ቢስ ስለሆነ አይደለም። ቃሉን ሲያገኝ ማስተዋሉም ይከተላል፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ስለዚህ ጎበዝ አማካሪ «ለምን መታኸው?» ብላ አትጀምርም። ወረቀት አውጥታ የሆነውን በተከታታይ ሥዕል እንዲያሳያት ታደርጋለች፤ መጀመሪያ ምን ነበር፣ ከዚያስ? ፊቶችን ትስላለች፤ የተናደደ፣ ያፈረ፣ የፈራ። ልጁ «መጥፎ» የሚል አንድ ምልክት ብቻ ካለው፣ ያንን ወደ አምስትና ስድስት የተለያዩ ስሜቶች መዘርዘር የእሷ ሥራ ነው። በሌላ ትምህርት ቤት ምክር የሚጀመረው ልጁ ካለው ቋንቋ ተነስቶ ነው፤ እዚህ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ከመስጠት ይጀምራል።

የጽሑፍ መጠይቅም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። ፊደላችንን በጣት የመጻፊያ ዘዴም አለው፦ ለ33ቱ ፊደላት የእጅ ቅርጾች፣ ለሰባቱ ድምፆች ደግሞ የእጅ እንቅስቃሴዎች። ግን «ቅናት»ን በጣት ቢጽፉለት፣ ቃሉን ለማያውቅ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? በአማርኛ የተጻፈ የሥነ ልቦና መጠይቅ ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ የተፈተነው በስሜቱ ሳይሆን በሁለተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል።

ያልተነገረ መርዶ

መስማት የተሳነው ልጅ የሚሸከመው ሐዘን አንዳንዴ የሚመጣው ከደረሰበት ነገር ሳይሆን ካልተነገረው ነገር ነው። አያቱ ሞቱ እንበል። ማለዳ ዘመድ መርዶ ይዞ መጣ፤ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ፤ ድንኳን ተተከለ። ልጁ ሁሉን ያያል። አያቱ ግን የት እንደሄዱ የነገረው የለም። ከወራት በኋላ ክፍል ውስጥ የሚያለቅሰው ወይም እናቱ ገበያ በሄደች ቁጥር የሚደነግጠው «ባሕርዩ ስለተበላሸ» አይደለም። ሰው ድንገት እንደሚጠፋ ተምሯል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተማረም።

አዳሪ ትምህርት ቤት መግባትም እንደዚሁ ነው። ለሚሰማ ልጅ «ለትምህርት ነው፤ ለፋሲካ መጥተን እንወስድሃለን» ይባላል። ለዚህኛው ግን አባቱ እጁን ይዞ መኪና አሳፍሮት፣ የማያውቀው ግቢ አድርሶት ይመለሳል። ልጁ የተጣለ ቢመስለው ይፈረድበታል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የሚረዳው ቀላል ነገር ነው፦ የቤተሰቡ ፎቶ እና ወደ ቤት የሚሄድበት ቀን የተከበበበት የግድግዳ ካላንደር። በየቀኑ አንድ ቀን ይሰረዛል። ጊዜ የሚታይ ነገር ይሆናል።

ቢሮው ራሱ

የአማካሪ ቢሮ አቀማመጥ እዚህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። መስኮቱ ከአማካሪዋ ጀርባ ከሆነ ፊቷ ይጨልማል፤ ልጁም ፊቷን ማንበብ አይችልም። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች ቅንድብ ከፍ ማድረግ ወይም መቋጠር የጥያቄ ሰዋስው ነው፤ የማያውቅ ሰው «ምን ያስቆጣዋል?» ብሎ ይሳሳታል። ማስታወሻ መጻፍም ችግር አለው። ጎንበስ ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ጆሯችሁን ደፈናችሁ ማለት ነው፤ ልጁ ንግግሩን ያቆማል። ማስታወሻው ከተሰነባበቱ በኋላ ይድረስ።

ምስጢር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የሚሰማ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። በምልክት የተነገረ ምስጢር ግን በመስታወት በር በኩል ከግቢው ማዶ ይነበባል። መጋረጃ እዚህ የሥራ መሣሪያ ነው።

አማካሪዋ የምልክት ቋንቋ ካልቻለች አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚው ከአማካሪዋ ጎን ይቀመጣል፤ ልጁ ሁለቱንም በአንድ እይታ እንዲያያቸው። ንግግሩም ለልጁ ነው፤ «ምን ተሰማህ?» እንጂ «ምን ተሰማው በለው» አይባልም። ክፍል ውስጥ የሚያስተምረውን መምህር ወይም ታላቅ ተማሪን ለማስተርጎም መጥራት ቀላል ይመስላል፤ ግን ልጁ ሊናገር የመጣው ስለዚያው ሰው ቢሆንስ?

ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በሀብታም አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ጥቃት የሚደርስባቸው ከሌሎች ልጆች 3.7 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ጥቃት አድራሽ የሚመርጠው የማይናገር የሚመስለውን ልጅ ነው። የአካል ክፍሎችን ስም፣ «እምቢ» ማለትን፣ «ጥሩ ምስጢር»ና «መጥፎ ምስጢር»ን በምልክት ማስተማር ስለዚህ ከክትባት ይቆጠራል። ልጁ የሚናገርበት ምልክት ከሌለው ምስክርም መሆን አይችልም።

ከልጁ ይልቅ ቤቱን

በዚያው ዓመት እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ሐሳባቸውን ማስረዳት የማይችሉ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ከሚግባቡት ይልቅ በአእምሮ ጤና ችግር የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ መሆኑን ገልጿል። ቁጥሩ የሚናገረው ግልጽ ነው፦ አማካሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ብትቀመጥ፣ የተቀረውን ሰዓት የሚወስነው ቤቱ ነው።

ስለዚህ ወላጅን ማስተማር የምክር አገልግሎቱ ግማሽ ነው። ብዙ ወላጅ የሚመጣው በጥፋተኝነት ስሜት ነው፤ አንዳንዱ እርግማን ወይም ቁጣ ነው ብሎ ያስባል፤ ጠበል አመላልሶ ደክሞታል። እምነቱን መዝለፍ በሩን መዝጋት ነው። «ጠበሉን አይከለክልም እማማ፤ እስከዚያው ግን ልጅዎ ሊያዋራዎት ይፈልጋል» ማለት ይቻላል። ሌላው ስጋት «ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ነው። ሥጋቱ ረጅም ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ የወሰኑት በዚሁ ሐሳብ ነበር። በ2010 በቫንኩቨር የተካሄደው ተመሳሳይ ጉባኤ ለደረሰው ጉዳት መጸጸቱን ገለጸ። መሃሉ 130 ዓመት ነው።

ወላጅ በአንድ ጊዜ ቋንቋውን ሁሉ ይልመድ አይባልም። ሃያ ምልክት ይበቃል ለመጀመር፤ ግን ከሃያዎቹ መካከል «ብላ» እና «ና» ብቻ ሳይሆኑ «ናፍቀኸኛል»፣ «ይቅርታ»፣ «ምን ሆንክ?» ይኑሩበት።

ማን ይሥራው?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስምምነቱ የምልክት ቋንቋ መማርን መደገፍና መስማት የተሳናቸውን የቋንቋ ማንነት ማክበር ግዴታ ያደርጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። እዚህ የሚማሩ ወጣቶች፣ በተለይም ራሳቸው መስማት የተሳናቸው፣ የምክር ሙያ ቢጨመርላቸው ማንም የሚሰማ ባለሙያ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣሉ። ትንሽ ልጅ መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆን የሚያስብበት ምስል የለውም። ሲያድግ መስማት የሚጀምር የሚመስለውም አለ።

እስከዚያው ድረስ በየትምህርት ቤቱ ያለ አማካሪ ነገ ጠዋት ሊጀምር የሚችለው ነገር አለ፦ ወንበሩን ከመስኮቱ ማዞር፣ መጋረጃ መስቀል፣ ለስሜት የሚሆኑ ምልክቶችን ከተማሪዎቹ መማር። ከዚያ በኋላ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ልጁም የሚመልስበት ያገኛል።