የማያምም እብጠትን አትናቁ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ሊምፎማ ስለሚባለው የንፍፊት ካንሰር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደናንተው አርዲያ ሰው ቤት የምሠራ ነኝ። የማስታምማቸውን የቤቱን አሮጊት ይህ በሽታ ይዟቸው ሆስፒታል አብሬያቸው ስመላለስ፣ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ንፍፊትን ሁላችንም እናውቃለን። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ እንደ ባቄላ ያለ ነገር ያብጣል። ንፍፊት የሰውነታችን የዘበኞች ቤት ነው። በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ውስጥም አለ። ዘበኞቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ከጀርም ጋር ሲዋጉ ቤቱ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል፤ ቁስሉ ሲድን እሱም ይሟሽሻል።

ሊምፎማ ግን ከዘበኞቹ አንዱ ራሱ ሲበላሽ የሚመጣ ነው። የተበላሸው ሴል አልሞትም ብሎ ራሱን ያባዛል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምምም፤ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ነው። አሮጊቷን ሳጥብ አንገታቸው ላይ በጣቴ ያገኘሁት ሽምብራ የሚያህል ነበር፤ በወሩ እንቁላል አከለ።

ከእብጠቱ ጋር ሊመጡ የሚችሉ ሦስት ምልክቶች አሉ። አንዱ ምክንያቱ የማይታወቅ ትኩሳት ነው። ሁለተኛው የሌሊት ላብ ነው፤ የኩዌትን ሙቀት ማለቴ አይደለም፤ ኤሲ ተከፍቶ ተኝታችሁ ልብሳችሁ እስኪጨመቅ ድረስ ማላብ ነው። ሦስተኛው መክሳት ነው፤ 60 ኪሎ የነበረች ሳትጾም በ6 ወር ውስጥ 6 ኪሎ ብትቀንስ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ሊምፎማ ብዙ ዓይነት ነው። ቀስ የሚል አለ፣ ፈጣን አለ። ከፈጣኖቹ በብዛት የሚታየው «ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል» ይባላል፤ የአሮጊቷም እሱ ነበር። ከሁሉ የሚፈጥነው ደግሞ «በርኪት» ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባል የአየርላንድ ሐኪም ኡጋንዳ ውስጥ በሕፃናት መንጋጋ ላይ አይቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ጻፈው። ይህ ዕጢ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ መድኃኒቱ አጥብቆ የሚመታው እየተባዛ ያለውን ሴል ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ካልታከመ ቶሎ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ላርጅ ቢ ሴል ከያዛቸው 10 ሰዎች፣ «አር-ቾፕ» የሚባለውን ሕክምና ካገኙ 6 ያህሉ ይድናሉ። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ፣ 6 ዙር ይሰጣል። ፀጉር ይረግፋል፤ ተመልሶም ይበቅላል። አሮጊቷ ጨርሰው ዛሬ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

በሽታው እርግማን አይደለም፤ በሳህንም በመኝታም አይተላለፍም። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን በ1999 እ.ኤ.አ. የሞቱት በሊምፎማ ነው፤ ቤተ መንግሥትም አያግደውም።

በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ለቲቢም ለካንሰርም ስለሚውል ሰው ይምታታበታል። ሁለቱም አንገት ላይ ያብጣሉ፣ ያከሳሉ፣ ያልባሉ። በዓይን ተለይተው አይታወቁም፤ የሚለያቸው ከንፍፊቱ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና ነው። በዓረብኛ «ኸዝዓ» ይሉታል። ስለዚህ ቅጠል አትለጥፉ፣ አትተኮሱ፣ አታስበጡ። ፕሬድኒሶሎንም በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ለጊዜው እብጠቱን አሳንሶ ናሙናውን ያሳስታል። ጸበሉንም ጠጡ፣ ሐኪሙንም አትተዉ።

እብጠቱ ሦስት ሳምንት ካለፈው ወይም እያደገ ከሄደ ለማዳም ንገሩ። «ማዳም፣ ፊ ዋረም ህኒ፣ ማ ይሩሕ፤ አቢ ዶክቶር» በሉ። እዚህ እብጠት አለ፣ አልሄደም፣ ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው። ዋረም ተራ እብጠትም ዕጢም ስለሚባል፣ ሐኪሙ ቃሉን ሲጠራው ወዲያው አትደንግጡ። በጣቃችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ የሰፈሩን ሙስተውሰፍ ታያላችሁ። ከዚያ ፈርዋኒያ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። ካንሰር ከሆነ ማዕከሉ ሰባሕ የሕክምና አካባቢ ነው።

«ወደ አገር ይመልሱኛል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ የብዙዎቻችን ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ደሞዝ ነው። ነገር ግን ደብቃችሁ ብትከርሙ መሥራት ሲያቅታችሁ መመለሳችሁ አይቀርም፤ ያኔ በሽታው ገፍቶ፣ አቅማችሁም አልቆ ነው። መሄድ ከመጣም የናሙናውን ውጤት ወረቀትና የራጁን ፊልም ሳትይዙ አትሂዱ። ጥቁር አንበሳ ስትደርሱ ጊዜ ያተርፍላችኋል፤ በዚህ በሽታ ደግሞ ጊዜ ማለት ሕይወት ነው።

የሰው ገላ ስናጥብ የምንውል ነን። በወር አንድ ቀን ስትታጠቡ የራሳችሁን አንገት፣ ብብትና ብሽሽት በጣታችሁ ዳስሱ። ያላነበበች እህት ካለች ንገሯት።