ጣሪያው ራሱ ጭስ መውጫ የሆነበት ቤት

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚታየው ነባሩ የጉራጌ ጎጆ ለብቻው የተሠራ ጭስ መውጫ የለውም። ይህ ግን የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ጭሱን የሚያስወጣው ጣሪያው ራሱ ነው። ከምድጃው የተነሳው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በሳር ክዳኑ መሃል ቀስ እያለ ይሾልካል። በመንገዱም ሳሩን ከእርጥበት ያደርቃል፤ ምሰሶውንና ማገሩን በጥቀርሻ ይለብጣል። ከምሰሶው አናት ላይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ልባስ ነቀዝን የሚያርቅና መበስበስን የሚያዘገይ መከላከያ ነው። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ የሚያረጀውም ለዚህ ነው።

«ጭሱ ቤቱን ከጠበቀ ታዲያ ለምን ይወገዳል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ለእንጨት የሚበጀው ጭስ ለሳንባ ስለማይበጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት ዳርጓል፤ ይበልጥ የሚጋለጡትም ከምድጃው አጠገብ የሚውሉ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። በከተማ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ጭሱ የሚሾልክበት ሳር ስለሌለ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ማብሰያውን ወደ ተለየ ማድቤት ማውጣት፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ማሳለፍና ከእንጨት ማራቅ፣ ጥቀርሻውንም በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል፤ የተጠራቀመ ጥቀርሻ እሳት ይይዛልና። በጎጆው ግን ጭሱ ሲቀር ሥራው አብሮ መቅረት የለበትም፤ ክዳኑን መፈተሽና የበሰበሰውን ሳር መለወጥ የባለቤቱ ተራ ይሆናል።