ከሁሉ የሚበልጠው ምሁር ማን ነው?

ተማሪዎች፣ «በሕይወት ካሉት ምሁራን ታላቁ ማን ነው?» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ፣ ምናልባት አስቀድማችሁ አንድ ስም ትመርጡና ምክንያቱን ኋላ ትፈልጉለት ይሆናል። ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። እስቲ በመጀመሪያ ቃላቱን እንመርምር። የአማርኛ ቅጽል ቅርጹን ለውጦ ብልጫን አያሳይም፤ «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ይሻል። ስለዚህ «እገሌ ከሁሉ ይበልጣል» ስትሉ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ፤ «ሁሉ» የተባሉት እነማን ናቸው? የሚበልጣቸውስ በምን? «ምሁር» የሚለውም ቃል «መሀረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ የተማረ ማለት ነው። ትምህርቱ ለማን እንደ ጠቀመ ግን ቃሉ አይናገርም።

«በሕይወት ያሉ» የሚለው ገደብ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ስለ ገጠሩ ሕዝብና ስለ ረኀብ የጻፉት የጂኦግራፊ ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በመስከረም 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። የግእዝ የብራና ጽሑፎችን ሲመረምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተከተሏቸው። ሁለቱም ከዝርዝሩ ወጡ፤ ከሥራቸው ግን አንዲት ገጽ እንኳ አልጎደለችም።

በድምፅ ብዛት እንለይ የሚሉም አሉ። «ፕሮስፔክት» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔትና «ፎሪን ፖሊሲ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 አንባቢዎቻቸውን ሲጠይቁ ኖም ቾምስኪ አንደኛ ወጣ። በ2008 ጥያቄው ሲደገም አንደኛ የሆነው ቱርካዊው ፈትሁላህ ጉለን ነበር፤ አንድ የቱርክ ጋዜጣ ወሬውን ባሰማ ጊዜ የሰውዬው ተከታዮች በብዛት ድምፅ ሰጥተው ነበርና። በዚያ የተለካው ዕውቀት ነው ወይስ የደጋፊ ብዛት?

ሽልማትስ? ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ደግሞ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ጽፈዋል። ማሽላና ታሪክ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ከሁለቱ አንዱን የሚያስበልጥ ሰው ሚዛኑን መናገር አለበት።

አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ጎዳና፣ ቢሾፍቱ ሳንደርስ ወደምናገኛት ወደ ዱከም እንውረድ። እ.ኤ.አ. በ1995 «ዱከም» የሚል ስም ያለው የጤፍ ዝርያ ለገበሬ ተለቅቆ ነበር። ምርቱ ከፍ ያለ ነው፤ ፍሬው ግን ገበያ እንደሚወደው አይነጣም። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ይህን ዝርያ ፍሬው እጅግ ነጭ ከሆነ ሌላ ጤፍ ጋር አዳቀሉት። የጤፍ አበባ በጣም ደቃቅ በመሆኑ ሥራው በማጉያ መሣሪያ እየታገዙ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። ነጭም፣ ምርታማም የሆነው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲለቀቅ ስሙ «ቁንጮ» ተባለ። ቁንጮ፣ እንደምታውቁት፣ በሕፃን አናት ላይ የሚተው ጠጉር ነው፤ ከሁሉ በላይ የሆነውንም በዚሁ ቃል እንጠራዋለን።

ስሙ በየገበያው ይጠራል። ያዳቀሉትን ሰዎች ስም ግን ገበሬውም፣ እንጀራውን የሚበላውም አያውቀው ይሆናል። በጥቅም የምትለኩ ከሆነ እነዚህን ሰዎች በዝርዝራችሁ ስንተኛ ላይ ታስቀምጧቸዋላችሁ? በዝና የምትለኩ ከሆነስ?