አይቡ መቼ ይለያል?

በጊንጪና በአምቦ ዙሪያ ባሉ ቤቶች እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ይጣዳል። እሳቱ እንዳይበረታ ይጠበቃል። እናት መዳፏን ከማሰሮው ጎን እያስጠጋች ሙቀቱን ትመዝናለች። ቀስ በቀስ ነጩ ይሰበሰባል፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላው አጓት ይለያል። ማሰሮው ወርዶ ሲበርድ አይቡ በጨርቅ ይጠለላል።

ያቺ ማሰሮ የምትመልሰው ጥያቄ የመድኃኒት ቀማሚዎችንም እንቅልፍ ይነሳል፦ ፕሮቲን በፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ይሟሟል? ተለይቶ የሚወጣውስ መቼ ነው?

ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬሲን ነው። የትኩስ ወተት ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 6.6 ገደማ ነው፤ በዚህ ፒኤች የኬሲን ቅንጣቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። ፒኤቹ ወርዶ 4.6 አካባቢ ሲደርስ ቻርጁ ይመጣጠንና ግፊያው ይቀራል፤ ቅንጣቶቹም ይያያዛሉ። እሳቱ ይህንኑ ያፋጥናል፣ የረጋውንም ያጠብቃል።

ቴርሞዳይናሚክስ ነገሩን በስሌት ይይዘዋል። ሞለኪውሉ ሁለት ማረፊያ አለው፦ ውሃው ውስጥ መበተን ወይም ከቢጤዎቹ ጋር መጠጠር። ነፃ ኃይሉ ወደሚያንስበት ያዘነብላል። የሁለቱ ዝንባሌ እኩል ሲሆን ውሃው ውስጥ የቀረው ፕሮቲን ነው የመሟሟት መጠኑ።

ይህን መጠን ለመተንበይ፣ ለአምቦ ውሃ ጋዝ ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሕግ በአብዛኛው ይበቃል፦ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚሟሟው ጋዝ በዚያው ልክ ይጨምራል። ጠርሙሱ ሲከፈት የሚፈላውም ግፊቱ ስለወረደ ነው። ፕሮቲን ግን በሺህ የሚቆጠሩ አተሞች ያሉት፣ አንዱ ጎኑ ውሃ የሚወድ ሌላው የሚሸሽ ግዙፍ ሞለኪውል ስለሆነ በአንድ መስመር አይገዛም። ኤድዊን ኮን በ1925 እ.ኤ.አ. ጨው ሲበዛ የፕሮቲን መሟሟት እንዴት እንደሚቀንስ በቀመር አስቀመጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አልኮልን፣ ቅዝቃዜን፣ ጨውንና ፒኤችን እያመጣጠነ ከደም ፕላዝማ አልቡሚንን ለየ። የዛሬዎቹ ሞዴሎች በሞለኪውሎች መካከል ያለውን መሳሳብና መገፋፋት ይጨምራሉ። ጥቂት ልኬት ከተሰጣቸው ያልተለካውን ይተነብያሉ፤ ያለ ልኬት ግን ገና አይታመኑም። አይብማ ይበልጥ ይከብዳቸዋል፤ አንዴ ከረጋ በቀላሉ ወደ ወተትነት አይመለስምና።

መሟሟትን ለመተንበይ ለምን እንደምንደክም ግላርጂን የተባለው ኢንሱሊን ያሳያል። ብልቃጡ ውስጥ ፒኤቹ 4 ስለሆነ ሟሙቶ ጥርት ይላል። ከቆዳ ሥር ሲገባ ፒኤቹ ወደ 7.4 ይወጣና ይረጋል፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ለአንድ ቀን ያህል ይሠራል። መርፌው በቀን አንዴ የሚበቃው ለዚህ ነው።

የምዕራብ ሸዋ የኬሚስትሪ መምህራን፣ የመሟሟትን ትምህርት ከአሬራ ማሰሮ ጀምሩት። ተማሪው ከመጣዱ በፊት ፒኤቹን ይለካ፣ ቴርሞሜትር ይክተት፣ የወጣውን አይብ ይመዝን፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ስንት ግራም እንደሚወጣ አስቀድሞ ጽፎ ይምጣ።